በአሥር እጥፍ

ሦስት አልማዞች አውቃለሁ፤ አንዷ አክስቴ፣ አንዷ ጎረቤቴ፣
አንዷ የጤና ጣቢያው ገንዘብ ያዥ፣ የደመወዝ ቀን እመቤቴ።
ድንጋዩን ግን ገና ዛሬ ነው ያየሁት፣
ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ሸምሱ ወርቅ ቤት ገብቼ ያገኘሁት።

ውጪ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ያንገዋልላል፣
ፀሐዩ ቆርቆሮው ላይ ይንቀለቀላል፤
ውስጥ ሸምሱ ከታጠፈ ነጭ ወረቀት
ሁለት ፍሬ አፈሰሰ፣ እንደ ጨው ቅንጣት።

«ይቺ እንከን የላትም። ይህቺኛዋ ግን ትንሽ አለባት።»
ለእኔ ሁለቱም አንድ፤ ኩለኒም ሳቅ አለች፣ ለእሷም አንድ ሆነባት።
ዋጋቸውን ሲነግረን ግን አንድ አልነበሩም።
«ልዩነቱ ጥራት ነው» አለ።
ጥራት ጥሪት እንደሚበላ ያኔ ገባኝ፤
የሁለት ዓመት ዕቁቤ ኪሴ ውስጥ እንደ ዶሮ ተርገበገበብኝ።

ማጉያውን ሰጠኝ። አሥር እጥፍ ያጎላል።
«ካይንህ አስጠጋው፤ ትንፋሽህን ያዝ፤ ውስጧ ይታይሃል።»

አልነገርኩትም ሥራዬን።
እኔ በሺህ እጥፍ ነው የማየው፣ ዓይኔን አድርቄ፣
የሰው ደም በስላይድ ላይ ለቅልቄ፤
በመስከረም፣ የወንጂ ቦይ ውሃ ሲያቁር፣
ወባ ስፈልግ፣ ነጥብ ስቆጥር።
ወባ ደም ውስጥ ስትገባ መልኳ ቀለበት ነው፤
ቀጭን ክብ፣ ዳሩ ላይ አንድ ቀይ ፈርጥ ያለው።
ኩለኒንም ያወቅኳት እንዲያ ነው፤ ፊቷን ሳላይ
ደሟን አየሁት፤ አራት ቀለበት፣ በአንድ እይታ ላይ።
ወጥቼ ስሟን ተጣራሁ፤ የአገዳ ሚዛን ቤት ጸሐፊ፣
በአርባ ትኩሳት እንኳ ከዘበኛው ጋር ተላፊ።

እና ሸምሱ «እየው» ሲለኝ፣ ልማዴ ነውና አልዘገየሁም፤
ከጠርዙ ገባ ብሎ ነጭ ስንጥቅ፤ ሁለቴ አላየሁም።
«ላባ እንለዋለን፤ ደመናም አለ፣ መርፌም አለ፣ ጥቁር ነቁጥም አለ፤
መሬት ሆድ ውስጥ አብሮት የበሰለ።»
«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይባል የለ?» ኩለኒ ጠየቀች።
«ብርሌ ሰው እጅ ላይ ነቃ፤ ይቺ ከነስንጥቋ ተወለደች።
ቦታውን እዩ፤ መሀል አናቷ ላይ ከሆነ ብርሃኗን ይሰርቃታል፣
ጥጓን ከነካ ደግሞ፣ አንድ ቀን በር ሲመታት ይሰነጥቃታል።
የዚችኛዋ ዳር ነው፤ ትንሽ ነው፤ የወርቁ ጥፍር ይሸፍነዋል።
በባዶ ዓይን ካልታያችሁ፣ ማን ማጉያ ይዞ ሠርግ ይመጣል?»

ኩለኒ ሁለቱንም መዳፏ ላይ ይዛ፣ ከመብራቱ ሸሽታ፣
«የሱቅ መብራት ውሸታም ነው» ብላ፣ በሩን በክርኗ ከፍታ፣
አቧራው መሀል ፀሐይ ላይ ቆመች።
ሸምሱ እጆቹን ከመዳፏ ሥር ዘርግቶ ሮጠ፤ እሷ እየሳቀች
«ነጻዋን ብገዛና ሰው ቢለውጥብኝ» አለች፣
«በምን አውቃታለሁ? እንከን የሌላት ሁሉ አንድ ናት።
ይቺ ግን ላባ አላት።»

ሸምሱ የምስክር ወረቀቷን ሰጠን፤ የድንጋይዋ ካርታ ነው፣
የላባዋ ቦታ በቀይ ቀለም የተነቆጠው።
ያኔም የኩለኒ ካርድ ላይ በቀይ ነበር የጻፍኩት፣
«ተገኝቷል» ብዬ።
ይሄንን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ዓርብ ቀለበቱ ደረሰ። ባጃጅ ውስጥ ጣቷን ወደ ብርሃን ዘረጋች፣
«ላባዋ ታየችህ?» አለች።
አልታየችኝም።
የት እንዳለች ግን አውቃለሁ።