ሁለት ሰከንድ

የፖርት ታልቦት ሰኔ፣ ዝናብ የማይጠግበው፤
ብረት ማቅለጫችን እሳት ከራበው
ዓመት አልፎታል።
እኔ ሶፋዬ ላይ፣ እግሬ በባልዲ ውስጥ፤
ቀኑን ሙሉ ቆሜ መድኃኒት ስሸጥ
ውዬ መግባቴ ነው።

ዛሬ በቴሌቪዥን "ዘጠኝ ጃንጥላ" ሊጫወቱ ነው።
አራት ሰዎች ናቸው፤ ዘጠኝ ያላቸው ማነው?
ሠላሳ አራት ዓመት ስወዳቸው ኖሬ
ጠይቄ አላውቅም።

ባንድ ነበሩ ያኔ፤ ባንድ የሚተኙ፣
ባንድ አሮጌ ቫን ውስጥ ባንድ የሚቀኙ።
ኋላ "ባንድ" መባል ለስም ብቻ ተርፎ
ባንድ አልበሉም ዳግም፤ አንዱ ባንዱ አኩርፎ
አንዱ ጠበቃ ያዘ፣ አንዱ ፍየል አረባ፤
ከበሮ መቺያቸው ሲሞት
ለየብቻ ነው የላኩት አበባ።

መብራቱ ቦግ አለ። ሰዉ ሜዳው ላይ ቆሟል ላስቲክ ተከናንቦ፣
ካሜራው እንደ ዝንብ ከራስ ራስ እየዘለለ፣ ጭቃውን ከብቦ
ኮርዊንን አመጣው።
ሆዱ ቀድሞት ወጣ።
ያ የቀበሮ ፊት፣ ያ ጥቁር ጠጉሩ፣ የት ገብቶ ነው የታጣ?

"አወረዱት!" አለ ከግድግዳው ማዶ ፕሮሰር ጎረቤቴ፣
"ዜማውን አወረዱት፣ ሌቦች!" ጩኸቱ ዘለቀ እስከ ቤቴ።
አንተስ ደረጃህን ስንት ጊዜ አርፈህ ነው የምትወጣው?
አልኩት፣ ለግድግዳው።

ከበሮው ላይ ያለችው የሟቹ ልጅ ናት፣ ቴግዊን።
ያባቷን ዱላዎች በፕላስተር ጠቅልላቸዋለች።
አንድ ቦታ ሳተች።
ማዶክ ጊታሩን እንዳነገተ ዞሮ ጠበቃት፣
ሕፃን መንገድ እንደሚያሻግር ሰው፤
ማዶክ፣ ማንንም ጠብቆ የማያውቀው።

ፕሮሰር ጣሪያው ላይ የድሮ አንቴና አለው፣
የኔ በኢንተርኔት ነው፤
ሁለት ሰከንድ ይቀድመኛል።
እሱ ሲያጨበጭብ እኔ ቤት ጊታሩ ገና ያለቅሳል፤
እሱ "እሰይ!" ሲል እኔ ምን ሊመጣ ነው እያልኩ እሰጋለሁ።
የራሴን ደስታ ከሰው አፍ እሰማለሁ።

ከዚያ ግድግዳው ዝም አለ።
ፕሮሰር ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም።
አንድ። ሁለት።
መጣ፤ "ባሕሩን ዝጋልኝ"።

አባቴ ሲቀበር፣ ወንድሜ ጌቲን "ይኸ ይዘፈን" ብሎ፣
እኔ "ቤተ ጸሎት ነው፣ መዝሙር ይሁን" ብዬ፣ ነገር ተቀጣጥሎ
መዝሙሩ አሸነፈ።
ጌቲን አልገባም። በሩ ላይ ቆመ በዝናቡ፣ ጃንጥላም አልያዘም፤
ሳጥኑ ሲወጣ ትከሻውን ሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቃል አልተነፈሰም።
እኔም።
አሥራ አንድ ዓመት።

ኮርዊን ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ።
አልደበቀውም። ማይኩን ወደ ሜዳው አዞረ፣
ሜዳው ጨረሰለት፤
ሻርብ የለበሱ ሴቶች፣ በኔ ዕድሜ ያሉ፣ አፋቸውን ከፍተው፣
ልጆቻቸው በእፍረት ወደ ጎን ሸሽተው።

ስልኩን አነሳሁ። ቁጥሩን ጣቴ ያውቀዋል፤ እኔ ነኝ የረሳሁ።
ጠራ። ተነሣ። ሃሎ አላለም። ሃሎ አላልኩም። ብቻ ሰማሁ፤
ያው ዘፈን፣ ያው ሜዳ፣ ያው ጭቃ፣
እሱ ቤት ግን ቀድሞ ሲያበቃ፣
ሕዝቡ ሲያገሣ፤
እኔ ቤት ማዶክ ጣቱን ከመጨረሻው ክር ገና አላነሣ።

"ቀድመህ ሰማኸው" አልኩት።

ትንፋሽ። ወንበር ሲንቋቋ። ከዚያ፣
"አንቴና ነው፣ ኔሪስ።"

ፕሮሰር ግድግዳውን በቡጢ እየመታ "ይደገም!" ይላል፣ ማንን እንደሚል እንጃ።
ባልዲው ቀዝቅዟል።
እግሬን አላወጣሁም።