የሌሊት ዘብ መዝገብ

ሜይን ውስጥ፣ ከተዘጋው የወረቀት ፋብሪካ ጓሮ፣
ሃያ ሁለት ቤተሰብ አንድ ማሳ አለን፣ የጋራ ኑሮ።
በረዶው እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ከጥላው ሥር አልለቀቀም፣
አፈሩ በእጅ ሲነካ ገና ጥርስ ያፋጫል፣ አልሞቀም።
ቢሆንም «አተር አይፈራም፣ ብርድ ይችላል» ብላ
ኦዴት ዘሩን በማንኪያ ሰፈረች፣ ለየመደቡ ከፋፍላ።
ትልም ቀደድን፤ ጓንት ያለው በጓንት፣ የሌለው በጣቱ፤
ቲግም ተከተለን፣ ገና ስድስት ዓመቱ፣
አንዱን ፍሬ ለአፈር፣ ሁለቱን ለኪሱ እያለ።
ማን ይቆጣው? አፈሩስ መች ቆጥሮ ተቀበለ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን አተሩ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፣
አርፍዶ ክፍል እንደሚገባ ተማሪ፣ ቀስ ብሎ መጣ።
በአሥራ ሰባተኛው ንጋት
መደቡን ተላጭቶ አገኘነው።

«መቀስ አይደለም፣ ጥንቸልም አይደለም» አለ ሆሊስ፣
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ጡረታ የወጣው፣
ተንበርክኮ የተረፈውን ጉቶ በጥፍሩ እየዳሰሰ፤
«ይኼ ተቦጭቋል። አጋዘን የላይ የፊት ጥርስ የላትም፣
እንደ እኔው ናት፣ በድዷ ነው የምትበላው።»
ሳቅን። ቨርና ግን አልሳቀችም።

ከዚያማ ያልሰቀልነው ምን አለ?
ሳሙና በካልሲ፤ ከፀጉር አስተካካዩ ከሌሚዩ ጆንያ ሙሉ ፀጉር፣
የከተማው ሽበት ሁሉ አጥራችን ላይ ተንጠለጠለ፤
የዓሣ ማጥመጃ ክር ከችካል ችካል፤
አንድ አሮጌ ሬዲዮ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለጎመኑ
የባሕሩን ማዕበልና የዓሣ ዋጋ የሚነግር።
አጋዘኖቹ ሳሙናውን አሸተቱ፣ ዜናውን አዳመጡ፣
በሌሚዩ ደንበኞች መሐል ሹልክ ብለው መጡ፤
ሰላጣው ለምልክት እንኳ አልተረፈ።

«ዘብ እንቁም» አለች ቨርና፣
በፖስታ ቤት መስኮት ሠላሳ ዓመት የተቀመጠችው።
ሰማያዊ መዝገብ ገዛች፣ በማስመሪያ ከፋፈለችው፦
ቀን፣ ስም፣ ሰዓት፣ የታየ ነገር።
ፊሽካውን ከእስክሪብቶው ጋር በሲባጎ አሰረችው።

የእኔ ተራ ሐሙስ ነበር።
ከመሣሪያ ቤቱ ደጃፍ፣ በተደፋ ባልዲ ላይ፣
ሁለት ካፖርት ደርቤ።
ወንዙ የቀረውን በረዶ ሲያላምጥ ይሰማል።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች።

መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ጨለማ የመሰለ ጎን።
በረዶው ሲበላት የከረመች ናት፣
የጎድን አጥንቷን በጨረቃ ቆጠርኩት፤
ላይዋ በረሃብ የሟሸሸ፣
ታችዋ በሌላ ነፍስ የከበደ።

ፊሽካው አፌ ውስጥ ነበር፣ ብረት ብረት የሚል።
አንዲት ትንፋሽ ብቻ ነው የሚፈልገው።
ትንፋሼን በአፍንጫዬ አወጣሁት።

እሷ አንገቷን ዝቅ አደረገች፣
የኦዴትን ሁለተኛ ዘር ከዳር ጀመረች።
አታላምጥም፣ ትውጣለች፤
ማላመጡን ለጫካው ታቆየዋለች።
ስትጨርስ ሬዲዮው ስለ ነገው ውርጭ ያወራ ነበር።

እጄ ደንዝዞ ፊደሉ ተንጋደደ፦
«ሐሙስ። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት። ምንም አልመጣም።»

ሲነጋ ቨርና ኮቴውን አየች፣
በእርጥቡ አፈር ላይ እንደ ፖስታ ማኅተም ረግጦ የቀረውን።
መዝገቡን ከፈተች።
እኔ ባልዲ ማጠብ ጀመርኩ፣ ንጹሑን ባልዲ።
እሷ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች፣
ጣቷን ከስም ስም እያሻገረች፦
ረቡዕ፣ ሆሊስ፦ ምንም አልመጣም።
ማክሰኞ፣ ኦዴት፦ ምንም። ነፋስ ብቻ።
ሰኞ፣ በዚያ ቀጥ ባለ የፖስታ ቤት ጽሕፈት፣
ቨርና፦ ምንም አልመጣም።

ዘጋችው። ጉሮሮዋን ጠረገች።
«አተር ስንት ቀረን?»
«አንድ ጣሳ ይሆናል።»
«ይዘራ። ሽቦም ይገዛ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ።»

ቅዳሜ ሽቦውን ዘረጋን፣ ሃያ ሁለታችንም፣ እስከ ማታ፤
ቲግ ምስማር አቀባይ፣ ሆሊስ መዶሻ ይዞ ሲመታ።
በወንዙ በኩል ለአራት ሜትር ያህል አልበቃም።
ማንም ደግሞ አልለካም።