የሚስማር ሚዛን

ከሱቄ ባንኮኒ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣
ሚዛን ተቀምጧል አባቴ የተወልኝ።
ሚስማር ነው ሥራው፤ የጣሪያ፣ የበረት፣
የአጥር፣ የጀልባ፣ የሬሳ ሣጥን፣ የቤት።

በየአራት ዓመቱ ግን፣ በረዶው ሲከመር፣
እዚህ ኒው ሃምፕሻየር ድምፅ ቀድሞ ሊቆጠር፣
ሌላ ጭነት ይመጣል፤ ፕሬዚዳንት ልሁን ባይ፣
መኪናውን አቁሞ በሱቄ ደጃፍ ላይ።
ጎረቤቴ ኦዴት፣ ነገር ማጣፈጥ የምታውቀዋ፦
«ቨርና» ትለኛለች፣ «ዳኛዋ አንቺ ነሽ እኮ፣ አንቺዋ!
ቴክሳስ ሳይሰለፍ፣ ኦሃዮ ሳይነቃ፣
አንቺ ያልሽው ይቀጥላል፣ የናቅሽው አበቃ።»

የመጀመሪያው አገረ ገዥ፣ ከሞቃት ደቡብ የመጣ፣
የበረዶ አካፋ ገዝቶ ለፎቶ ደጅ ወጣ፤
ገልብጦ ይዞት ዛቀ። ካሜራው ሲጠፋ
ግድግዳዬ ሥር ቀረ የከፈለበት አካፋ።
(አሁንም እዚያው አለ። ዕዳ እንኳ የለበትም፤
ግን የገዙትን መርሳት… ይኼ አላማረኝም።)

ሴናተሯ ስትገባ ስሜን ታውቀው ነበር፣
የውሻዬንም ጭምር፤ «ደህና ነው ወይ ፔፐር?»
ደህና ነው አልኳት። (ቀብሬዋለሁ ካቻምና።)
ምን ታድርግ? ያጠናችው ወረቀት አሮጌ ነውና።
ስለ ማዋለጃው ግን፣ ስለ ተዘጋው ሆስፒታል፣
ቁጥር በቁጥር የዘረዘረችው ጆሮዬ ላይ ይመላለሳል።

ባለሀብቱ አልመጣም፤ ላከ እንጂ ወረቀት፣
በቀን ሦስት፣ በቀን አራት፣ የሚያንጸባርቅ ፊት።
ምድጃዬም አልወደደው፤ ሰሙ በዝቶ መሰለኝ፣
ጢሱ እንጂ ሙቀቱ አልደረሰኝ።

አራተኛው ማታ መጣ፣ ልዘጋ ስል፣ ብቻውን፣
ቦይ ውስጥ ጥሎ መኪናውን።
ስሙ ሃርላን ትሪፕ ነው፤ ደጋፊው ከመቶ ሁለት፣
ጫማው በረዶ የገባበት።
መጎተቻ ገመድ ፈልጎ ነው። ሲያልፍ ክርኑ ነካና
ሣጥን ሙሉ ሚስማር ዘረገፈ፤ ተንበረከከና
ለቀመ፣ አንድ በአንድ፣ ትልቁን ከትንሹ ለይቶ፣
ግማሽ ሰዓት፣ መነጽሩ በላብ ተሸፍኖ፣ ፊቱ ቀልቶ።
«የወረቀት ፋብሪካችን ተመልሶ ይከፈታል?» ብለው
«አይመስለኝም» አለ፤ ቀና አላለም፤ ሚስማር ነው የሚያየው።

ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ፣
አራቱን በየተራ ሳህኑ ላይ አኖርኩ።
ሁሉንም ትሪፕ ደፋቸው፤ ደስ አለኝ፣ ደግሞም ፈራሁ፤
ሚስማር ለለቀመ ሰው አገር ልሰጥ ቃጣሁ።

ጠዋት ሱቄን ከፈትኩ። ሳህኑ ባዶ ነው፣ ምንም የለ፤
ቀስቱ ግን ከዜሮ ወዲያ ሁለት ጭረት ዘንበል አለ።
ድሮም እንዲህ ነው። አባቴም ያውቅ ነበር፤
ለዚህ ነው ለየገዢው እፍኝ የሚጨምር።
ታዲያ እኔስ? ማንም ሳይጫንብኝ ወዴት ነው የማጋድል?
ወደ ሟቹ ባሌ፣ ወደ ኤልዊን፤ እንዲያ ነበር ሲለቅም፣ እንዲያ ነበር ዝም ሲል።
ትሪፕን ነው የመዘንኩት?
ወይስ ኤልዊንን ነው ከመቃብር ጠርቼ ለወንበር ያጨሁት?
ሴናተሯንስ የቀነስኩባት ዕቅዷ ቀሎ ነው፣ ወይስ በፔፐር
ሞት ያልሰማ ወረቀቷ እንደ እሾህ ሲወጋኝ ነበር?

እሑድ ማታ ትሪፕ ተወ። ሬዲዮው በአንድ ትንፋሽ ነገረን፣
ከአየር ትንበያው በፊት፤ ከዚያ ስለ በረዶው አስጠነቀቀን።

ማክሰኞ፣ እሳት አደጋ ጣቢያ። ቀዩ መኪና ደጅ ቆሟል፣
ቦታውን ለመጋረጃው፣ ለሳጥኑ ለቋል።
እርሳሱ በክር ታስሯል። ስሙ አሁንም አለ፤
ወረቀት ሬዲዮ አይሰማ፣ ተወ አልተወ አላለ።
ጣቴ ሄደ ወደ ስሙ። ያዝኩት።
ሁለት ጭረት ወደ ኋላ መለስኩት።

«ማንን?» አለች ኦዴት፣ በሩ ላይ ጠብቃ።
ሱቅ ሰው ቆሞብኛል አልኳት።

ቆሞም ነበር በእርግጥ፤ ሦስት ፓውንድ፣ ለፍየል በረት።
መዘንኩለት።
እፍኝ ጨመርኩለት።
ከዚያ የአገረ ገዥውን አካፋ ከግድግዳው ሥር አነሳሁ፤
ይጥላል ገና። ደጄን ጠረግሁ።