አራተኛው ደብተር

ሐሙስ ማታ መጡ፣ ሦስቱም እንደ ልማድ፣
ዝናብ እየወረደ በሜኸለን መንገድ፤
ካባቸው ይንጠባጠባል፣ ጫማቸው ጭቃ ነው፤
ባልተንን እንደ ወትሮው ሳሉ ነው የቀደመው።
ሊቪን ደብተሮቹን ከሣጥን አወጣ፤
አንዱን ለዮስት ሰጥቶ፣ አንዱን ይዞ መጣ፤
አራተኛው ቀረ ከጠረጴዛው ጫፍ፣
ሽፋኑ የተላጠ፣ ያንተ የቴኖር መጽሐፍ።

የገዛኸው ለታ ተጣልተን አድረናል፤
ለካባዬ የታሰበው ሱፍ በወረቀት ተቀይሯል።
"በልቼ የማልጠግበው፣ ለብሼው የማይሞቀኝ" አልኩህ፤
ሻማውን አጠፋህና በጨለማው አፏጨህ።

እንዲህ ነው ነገሩ፣ የዜማችሁ ስሪት፤
አንዱን ቆርሶ ቆርሶ ማደል ነው ለአራት።
የየራሱን እንጂ ማንም የሌላውን አያይም፤
ሙሉው ከአየር በቀር የተጻፈበት የለም።
ሱፍ ጫፍና ጫፉን ይዘን ስንጨምቅ፣
"ቴኖር ማለት ያዥ ነው" አልከኝ ስትስቅ።
"ሌሎቹ ቅርንጫፍ ላይ ሲወጡ ሲወርዱ፣
እሱ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው ግንዱ።"

ከዚያ የላብ በሽታ። ቅዳሜ ጠዋት ታመህ፣
የእሑድ ደወል ሳይመታ ተለቀሰልህ።
በሳሙና ብፈትገው፣ በአመድ ባሸው እጅህን፣
ቀለሙ እንቢ አለ፤ ከነሰማያዊው ገነዙት ጣትህን።

ጀመሩ። የዮስት ድምፅ እንደ ጭስ ወጣና፣
የባልተን እንደ በርሜል ተንከባለለና፣
መካከሉ ላይ ሲደርሱ ወለሉ ተከፈተ፤
ሊቪን "እንደገና" አለ። እንደገና ሞተ።
ሦስቴ ሞከሩት፤ ሦስቴም እዚያው ቦታ ላይ
እግራቸው ባዶ ረገጠ፣ በተሰበረ መሰላል ላይ።

እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፣ ድስት ስፈትግ ጎንብሼ፣
እስከ ክርኔ ድረስ በአመድ ውሃ ርሼ።
ፊደል አላውቅም እኔ፤ መስመርና ነጥቡ
ለእኔ ድንቢጦች ናቸው፣ አጥር ላይ የረበቡ።
ግን ያንተን አውቃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
በጋኑ ዳር ቆመህ፣ በሰማያዊው እንፋሎት፣
ብቻህን ስታጠናው ሰምቼው ሰምቼው፣
እንደ ገዛ ትንፋሼ ሳላስብ ለምጄው።
ቃሉን ግን አላውቅም፤ ስለ ፍቅር ነው አሉ፣
በፈረንሳይኛ ነው፤ አንተ ግን በቃሉ
አትለማመድም ነበር፤ "ሶል፣ ሶል፣ ላ፣ ሶል፣ ፋ"
እያልክ ታሰማው ነበር ለጋኑ አረፋ።

አራተኛ ሲጀምሩ፣ እጄን እንኳ ሳላደርቅ፣
በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አፌ ሲከፈት አላውቅ።
"ሶል" አልኩ። "ሶል፣ ሶል፣ ላ"። እነሱ ስለ ፍቅር፣
እኔ ስለ ምንም። የያዝኩት ያንተን ክር።
ወለሉ አልተከፈተም።
ሊቪን ቅንድቡን ሰበሰበ፤ አልወደደውም፤
ቢሆንም ዜማው ሄደ፤ ማቆም አልደፈረም።

ከዚያ ያ ቦታ መጣ፣ ገጹ የሚገለጥበት፣
የአውራ ጣትህ አሻራ በሰማያዊ ያለበት።
ሁልጊዜ አንድ ትንፋሽ እዚያ ትዘገይ ነበር፣
ሊቪን "ጎስዊን!" እያለ በእግሩ ሲደበድብ ምድር፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልታረመ ስሕተት።
እኔም እዚያ ስደርስ፣ ትክክል መስሎኝ በእውነት፣
ዘገየሁ። አንድ ትንፋሽ። ልክ እንዳንተ። ልኩን።

ሦስቱም አቆሙ ያኔ። ሊቪን አነሣ እግሩን፣
ሊመታ፣ እንደ ልማዱ፤
እግሩ ግን አልወረደም።
ዝናቡ ብቻ ነበር። ማንም አልተናገረም።

ባልተን አንዴ ሳለ። ከክርኔ ውሃ ጠብ ይላል።
"ከገጹ ራስ" አለ ሊቪን፤ "እሱ ቆይቶ ይገባል።"