የአሥራ አንድ ቁጥር ደወል

በዚህ በኢሎይሎ፣ ሃያ ዓመት ሳስተምር፣
ደም አይቶ የወደቀ ስንቱ ተማሪ ነበር፤
ሽቶ አሽትቼ አነሣሁት፣ ዛሬ ነርስ ሆኗል።

አንቺ ግን፣ ጆቬሊን፣ እጅሽ አይንቀጠቀጥም፣
ቁስል ሲከፈት እንኳ ፊትሽ አይለወጥም።

ትናንት ሌሊት ግን፣ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ፣
ሽማግሌው ክሪሳንቶ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ፣
‘ውሃ’ ሲል፣ ‘ነርስ’ ሲል፣ ደወል ሲነካ ነጋ፤
ጎረቤቱ ነው የሰማው፣ ከማዶው አልጋ።

አንቺ የስድስቱን፣ የስምንቱን፣ የዐሥር ሰዓቱን
በአንድ ትንፋሽ ሞልተሽ፣
‘በሰላም ተኝቷል’ ይላል፣ ቀጥ ያለው ጽሕፈትሽ።

ስጠይቅሽ ጠዋት፣ ‘መች ሞተ?’ ነው ያልሽኝ፤
ለዚህ የሚሆን ምዕራፍ ከመጽሐፌ አጣሁኝ።

አውቃለሁ፣ እናትሽ የሩዝ ማሳዋን አስይዛለች፣
ነጭ የለበስሽበትን ፎቶ ሳሎን ሰቅላለች፤
ከሪያድ የምትልኪውን ገንዘብ
ከአሁኑ ቆጥራ ጨርሳለች።

‘ለሙያው አትሆንም’ የሚለው ቅጽ ፊቴ ተዘርግቷል፤
ብዕሬ ማሳው ጠርዝ ላይ ደርሶ ያመነታል።

ደወሉ ጮኸ ድንገት፤ አሥራ አንድ ቁጥር ነው።
ቀና ብዬ አየሁሽ፤
ሰዓትሽን ነበር የምታዪው።

ፈረምኩና፣
ውሃ ይዤለት ሄድኩ።