ጨረቃን ጠብቂ

ኪሱሙ፣ ቢሯችን ግድግዳ ላይ አንድ ካርታ ተሰቅሏል፤
መሐሉ ሐይቅ ነው፣ ዳር ዳሩ በቀለም ተከፋፍሏል፤
ኤችአይቪ የበዛበት ቀይ፣ ያነሰበት ቢጫ።
ያንቺ መንደር፣ አዊኖ፣ የቢጫ ቢጫ።
"ጤነኛ ዳርቻ" አለ ሙሊ፣ አለቃዬ፣ ብዕሩን እየነከሰ፤
እኔም አመንኩ።
ሪፖርቱ ታሰረ፣ ማኅተሙም ደረሰ።

ስድስት ቀን ነበር የቆጠርነው፤
ዘጠና ሁለት በር አንኳኳን፣
ጣት ወጋን፣ ጠብታ ቀዳን፣
አንድ መስመር ሲወጣ ፈገግ፣
ሁለት ሲወጣ ድምፃችንን ዝቅ፤
ሰው ያጣንበት ቤት ላይ "የለም" ብለን ጻፍን።
የለም።
የለም።
ከሃያ እስከ አርባ ዓመት፣ ወንድ፦ የለም።
ማሽኑ ግን ባዶ ቦታ አይወድም፤
የሌለውን ባለው ልክ ሞላልን፣
የሽማግሌውን ደም ለጎልማሳው አበደረልን፣
መቶኛው ወጣ፣ ደስ አለን።

ያንን ቁጥር ያፈረስሽው አንቺ ነሽ።
መረብ ላይ ኦሜና ስታሰጪ
(ጥፍር የምታህል ብርማ ዓሣ)
ቀና እንኳ ሳትይ ጠየቅሽኝ፦
"ልጄ፣ ከመቶው ስንተኛዋ ነኝ?"
መቶኛ ስም የለውም አልኩሽ፣ ፊትም የለውም።
"እኔ ሁለቱም አለኝ" አልሽ፣
ዓሣውን በመዳፍሽ እየበተንሽ።

ክኒን ከጀመርሽ አሥራ አንድ ዓመትሽ፤
ብልቃጡ ጨው ዕቃ ውስጥ ነው የሚያድር።
ስለዚያ ዘመን የነገርሽኝ
የጎረቤት ወሬ አስመስለሽ ነበር፦
"ዓሣ በገንዘብ ብቻ አይሸጥም ነበር እዚህ፤
ጀልባ ያለው ይመርጣል፣
ልጅ ያላት ትመረጣለች።"
ከዚያ እጅሽን በቀሚስሽ ጠረግሽ፦

"ወንዶቹን ፈልጋችሁ ኖሯል?
በጨለማው ሳምንት ማን ቤቱ ያድራል?
ፋኖስ ውኃ ላይ የሚሠራው ጨረቃ ስትጠፋ ነው፤
ዓሣ ብርሃን ይከተላል፣ ወንድ ዓሣ ይከተላል፣
ማዶ ደሴት ላይ ወንዱን የምትከተል አትጠፋም።
ሙሉ ስትሆን ግን ዓሣው ፋኖስ ይንቃል፤
ያኔ መረብ ይጠገናል፣ ያኔ ሰው ቤቱ ይገባል።
ቁጥርሽ እውነት እንዲሆን ከፈለግሽ፣ ቆጣሪዋ፣
ጨረቃን ጠብቂ።"

ጠበቅሁ።

በአሥራ አምስተኛዋ ምሽት አሸዋው ወተት የተደፋበት መስሎ ነበር።
ከተገለበጠ ታንኳ ላይ ጓንትና መርፌ ዘረጋን፤
መረብ የሚሰፉት ሳቁብን፦
"ይቺ ናት መርፌያችሁ? የእኛ ወስፌ አይሻልም?"
ኦሚቲ ቀደመ፤ መላጣው፣ ቀልደኛው፣
ጣቱን እንደ ጉቦ ዘረጋልን።
ሁለት መስመር።
ቀልዱ ከንፈሩ ላይ ደረቀ።
አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤
"ሚስቴም ትመጣለች፣ እዚሁ ልጠብቃት" ብሎ
ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ ተቀመጠ።

አርባ አንድ ወንድ ቆጠርን በዚያች ሌሊት፤
አሥራ ስድስት ጊዜ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

ኪሱሙ ላይ ቢጫው ቀላ።
ሙሊ ከወንበሩ ተነሣ፦
"በአንድ ወር? ምን ገባባቸው? ወረርሽኝ ነው?"
በሽታውማ አልመጣም አልኩት፣
እዚያው ነበር፤
የመጣነው እኛ ነን።

ቀይ ቀለም ደግ ነው፦
መድኃኒት የጫነች ጀልባ በየወሩ አመጣላችሁ።
ቀይ ቀለም ክፉ ነው፦
ወሬው ከካርታው ቀድሞ ገበያ ወረደ፣
የከተማው ነጋዴ ዋጋ ሰበረ፣
ደረቅ ዓሣ ደም ያለው ይመስል በጣቱ ጫፍ ነካ።

ትናንት ወደቡ ላይ አየሁሽ፣ ጆንያሽን ስታስሪ።
"ከየት ነው ይሄ ኦሜና?" ሲልሽ ገዢው
የመንደርሽን ስም አልጠራሽም፤
ማዶ ያለችውን ደሴት ጠራሽ።
ዓይናችን ተገጣጠመ።
አላሳበቅሁም።

ያቺ ደሴት ካርታው ላይ እስካሁን ቢጫ ናት።
ሽቅብ አየሁ፤
ጨረቃዋ ገና የጥፍር ቁራጭ ናት።