ሆደ ባሻ

ስሜን ሳልለምድ ነው ይህን ስም የለመድኩት፤
“ሆደ ባሻ!” ሲሉኝ “አቤት” እያልኩ ያደግኩት።
ሌላው ልጅ ሲመታ ጉንጬን የሚያቃጥለኝ፣
የጎረቤት ጠብ ግድግዳ አልፎ እንቅልፍ የሚነሳኝ፣
ሹራቤ አንገት ላይ የተሰፋች ቁራጭ ጨርቅ
ቀኑን ሙሉ እንደ ጉንዳን የምትነክሰኝ።

“ቆዳህን አወፍር” ይለኝ ነበር አጎቴ፣
ቆዳ እንደ ጋቢ የሚደረብ ይመስል።
“ወንድ አይደለህ እንዴ?” ትላለች እህቴ፣
እንባ ጾታ ጠይቆ የሚወርድ ይመስል።

ሞከርኩ።
ከአራት ኪሎ ታክሲ፣ “ጠጋ ጠጋ በሉ” ተብዬ ታጥፌ፣
የአንዱን ሽቶ፣ የአንዱን ስልክ፣ የሹፌሩን ሬዲዮ አቅፌ፣
ከኋላዬ ያለች ሴት
ልታለቅስ ፈልጋ ትንፋሿን ስትውጥ እየሰማሁ
ስንት ጊዜ፣ ስንት ጠዋት
“ወራጅ አለ!” አልኩ፣ ሁለት ፌርማታ ሲቀረኝ፤
ቀሪውን በእግሬ፣ ማንም ሳይነካኝ።

ያን ሰሞን ሰፈሩ ይፈርስ ነበር።
ከዶሮ ማነቂያ ወረድ ብሎ
ስካቫተሩ የአንድ ቤት ፊት ገንጥሎ
ሌላውን ለነገ ትቶት ሄዷል።
ውስጡ ለመንገደኛ ተገልጦ ቆሟል፤
ሰማያዊ ግድግዳ፣
የቀን መቁጠሪያ የነበረበት ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን፣
በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ስድስት መስመር።
“ትርሲት፣ ሦስት ዓመት” ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ፤
“ትርሲት፣ ዘጠኝ ዓመት” ደረቴ አጠገብ።
ከዚያ በላይ መስመር የለም።
ወይ መለካት ሰልችቷቸው፣
ወይ …
ወዲያ አላሰብኩም።

አለቀስኩ። መንገድ ላይ። በጠራራ ፀሐይ።
ቆርቆሮ የሚጭን ልጅ ሸክሙን አሳርፎ፦
“ቤቱ ያንተ ነው ወንድም?”
“አይደለም።”
“የዘመድ?”
“አይደለም።”
“ታዲያ ምን ሆነህ ነው?”
ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው ጥያቄው፣
ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ መልሱ የጠፋኝ ሰው።

ዓይኔ ቀልቶ ስገባ፣ መዝገብ ከምጽፍበት ወርቅ ቤት፣
ጋሽ ሳህሉ ምን ሆንክም አላሉኝ።
አንጥረኛ ናቸው፤ እሳት ፊት የኖረ ሰው ቶሎ አይናገርም።
ሚዛኗን ከነመስታወት ቤቷ ሳብ አርገው
ትንሿን በር ከፈቱ።
“ተንፍስባት።”
ተነፈስኩ። መርፌዋ ሄደች፣ መጣች፣ ተንቀጠቀጠች።
“ተበላሽታ ነው?”
“ኧረ! ደህና ናት።”
“የከሰል ሚዛን እንዲህ አይሆንም።
በእርግጫ ብትለው ንቅንቅ አይል።
ግን እስኪ የጣት ቀለበት አስቀምጥበት፤
‘ምንም አልያዝክም’ ነው የሚልህ።”
በሯን መልሰው ገጠሙ።
“መስታወቱ ለዚህ ነው።”
ሌላ አልጨመሩም። የሰው ሀብል እሳት ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አልዳንኩም።
የሚድን ነገር አልነበረማ!
መቀስ ገዛሁ፤ የሹራቤን አንገት ሁሉ መነጠርኩት።
ሰርግ ላይ ድምፅ ማጉያው ደረቴን ሲደልቀው
ደረጃው ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ።
እህቴ ተከትላኝ፣ “ማን አስቀየመህ?”
“ማንም። ሞልቼ ነው።”
እሷም አንዳንዴ ጫማዋን አውልቃ
ዝም ብላ አጠገቤ ትቀመጣለች።

ደግሞም በዚሁ ስስ ቦታ ነው ደስታም የሚገባው።
ዝናብ አባርቶ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል
አስፋልቱ ማታውን ሲያበራ፣
የዳቦ ቤት ትኩሳት በር ስንጥቅ ሾልኮ ፊቴን ሲነካው፣
ቆሜ እቀራለሁ። ሰው ይገፋኛል። ይግፋኝ።

አንዳንዴ ለገሀር የታክሲ ሰልፍ ላይ
ረጅም ሴት ከፊቴ ትቆማለች፣
ስልኳን እያየች፣ አንድ እግሯን አሳርፋ።
ስሟን አላውቅም። አልጠይቃትም።
ብቻ ከራሷ በላይ፣ አየሩ ላይ፣
ቀስ ብዬ፣ እንዳትነቃብኝ፣
ሰባተኛውን መስመር አሰምራለሁ።